በሩ ሲንኳኳ ማን ይከፍታል? ልደታ ኮንዶሚኒየም በአስፈሪ ፊልም ዓይን

ወደ ልደታ ለመሄድ ሰው ምክንያት አያጣም። አንዱ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው፣ ሌላው ባልቻ ሆስፒታል ታማሚ ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ሌላዋ ልደታ ማርያም ልትሳለም ትመጣለች፣ የቀረው ደግሞ ባቡር ሊቀይር ይወርዳል። እኔ በዚህ ወር የማቀርብልዎ ምክንያት ግን ለየት ይላል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ በየመስኮቱ አምፖል መብራት ሲጀምር፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል እንደ አስፈሪ ፊልም ተመልካች ሆነው እንዲዘዋወሩ ልጋብዝዎ ነው። አይስጉ፤ ጉብኝቱ ደም የለበትም። አለበት ከተባለም የፋሲካ በግ ደም ነው፤ እሱንም በቦታው እናነሳዋለን።

የማወራዎት በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ስላሸር» ስለሚባለው የፊልም ዓይነት ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ጭንብል ያጠለቀ፣ ቢላ የያዘ፣ የማይናገር፣ የማይሮጥ ግን ሁሌም የሚደርስ አንድ ሰው አለ። ጸጥ ያለ ሰፈር አለ። ወላጆቻቸው ከቤት የወጡ ወጣቶች አሉ። ከዚያ ስልኩ ይቆረጣል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ልጅቷም በሩ አጠገቧ እያለ ወደ ፎቅ ትሮጣለች። ተመልካቹ በገዳዩ ከመደንገጥ ይልቅ በልጅቷ ይናደዳል። «ወደ ላይ ምን አስወጣሽ? በሩ እዚያ አይደል እንዴ!» እያለ ቴሌቪዥኑን ይመክራል። ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ ሳቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የዌስ ክሬቨን «ስክሪም» እንዲያውም ይህንኑ ወግ ይዞ ይቀልድበታል፤ ገጸ ባሕርያቱ የአስፈሪ ፊልም ሕጎችን በቃላቸው ያውቃሉ፣ አውቀውም ይሞታሉ።

የዚህን ዓይነት ፊልም መልክ ካስያዙት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1978 ለእይታ የበቃው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» ነው። እንደ እኔ በማርኬቲንግ ሙያ ለተሰማራ ሰው የዚህ ፊልም አሠራር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የተሠራበት ገንዘብ ከ300 ሺህ ዶላር ብዙም አይርቅም፤ ያስገባው ግን ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። የገዳዩ ጭንብል ከተራ ሱቅ በሁለት ዶላር ገደማ የተገዛ፣ «ስታር ትሬክ» ላይ የምናውቀው የካፒቴን ኪርክ ፊት ነው። ነጭ ቀለም ተረጭቶበት፣ የዓይኑ ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ዓለምን አስፈራ። ታሪኩ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚፈጸም ቢሆንም የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ በጸደይ ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቹ ቅጠል ቀለም ቀብተው መንገድ ላይ ይበትኑና ቀረጻው ሲያልቅ መልሰው ይለቅሙት ነበር።

ፊልሙን ያሳደገው ግን ጭንብሉ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ነው። ከዚያ በፊት አስፈሪ ታሪክ የሚኖረው በአብዛኛው በአሮጌ ግንብ፣ በመቃብር ቦታ ወይም በጫካ ነበር። ካርፔንተር ሃዶንፊልድ ወደሚባል ልብ ወለድ ከተማ አምጥቶ፣ ሣሩ በታጨደ፣ ዛፉ በተደረደረ፣ ልጆች ብስክሌት በሚነዱበት የመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች መንደር ውስጥ አስቀመጠው። ይህ መንደር ሰዎች ከመሀል ከተማ ግርግር ሸሽተው፣ ለዓመታት ብድር እየከፈሉ የገዙት የደኅንነት ሕልም ነው። ፊልሙ ያንን ሕልም ነው በቢላ የነካው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ሎሪ የምትባለው ወጣት ከገዳዩ አምልጣ ወደ መንገድ ትወጣለች። እየጮኸች የጎረቤት በር ትደበድባለች። የደጁ መብራት ይበራል። የመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ ይላል፤ አንድ ሰው አጮልቆ ያያታል። ከዚያ መጋረጃው ይመለሳል፤ መብራቱም ይጠፋል። በሩ አልተከፈተም። ፊልሙን ደግመው ቢያዩት፣ ከቢላው ሁሉ ይልቅ የሚያስበረግገው ይህ የጥቂት ሰከንድ ትዕይንት ነው። ገዳዩ ጭንብል ያጠለቀ እንግዳ ነው፤ ከእንግዳ ምንም አይጠበቅም። መብራቱን ያጠፋው ግን ጎረቤት ነው።

ይህንን ጥያቄ ይዘን ነው ወደ ልደታ የምንገባው። እርስዎ በሚኖሩበት ፎቅ ላይ ሌሊት በር ቢንኳኳ መብራት ይበራል ወይስ ይጠፋል?

ልደታ የባቡር ጣቢያ ላይ ሲወርዱ፣ የከተማዋ ሁለት የቀላል ባቡር መስመሮች ከሚጋሯቸው ጣቢያዎች በአንዱ ላይ ቆመዋል። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከፊትዎ የሚታዩት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ይቀድሙታል። ከነሱም በፊት ሌላ ልደታ ነበረ፦ ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቀበሌ ቤት፣ ለብዙ ሰው አንድ ቦኖ፣ ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ። 2000 ዓ.ም. ካለፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። ከቀበሌ ቤት ተከራዮች ከፊሉ የኮንዶሚኒየም ዕድል አገኘ፣ ከፊሉ ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት ወሰደ። ባዶ በሆነው መሬት ላይ ደግሞ ከተማዋ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፊው የጀመረችው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም ሕንፃዎች ቆሙ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ምዝገባ ብቻ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን እንዳስመዘገበ ስናስታውስ፣ አንድ ዕጣ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደነበረ ይገባናል።

የድሮውን ሰፈር ኑሮ ማሞጋገስ ቀላል ነው። ክረምት ሲገባ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ግን አይናፍቀውም። የራስ መጸዳጃ፣ የራስ ቧንቧ፣ የራስ ቁልፍ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የጭቃ ግድግዳ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ድምፅ ያሳልፋል። የጎረቤት ሳል፣ የጎረቤት ጠብ፣ የጎረቤት ለቅሶ ይሰማል። ሰው ሳይጠራ ይደርስ የነበረው በጎነቱ ብቻ አይደለም፤ መስማቱም ነው። ብሎኬትና ሲሚንቶ ሲመጣ ጆሯችን ተደፈነ። ስለዚህ አሁን ማንኳኳት ያስፈልጋል፤ ለማንኳኳት ደግሞ መተዋወቅ።

ፎቅ ላይ የተደራረበ ኑሮ የራሱ አስፈሪ ፊልም አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የበርናርድ ሮዝ «ካንዲማን» የሚካሄደው ቺካጎ ውስጥ ካብሪኒ ግሪን በሚባል የመንግሥት የኪራይ ቤቶች መንደር ነው። በመስታወት ፊት ስሙ አምስት ጊዜ ሲጠራ የሚመጣ መንፈስ ታሪክ ነው። ካብሪኒ ግሪን እውነተኛ መንደር ነበር፤ ፊልሙን ለሚያየው ዓለም የመንፈስ ቤት ቢሆንም፣ ለሚኖሩበት ቤተሰቦች ግን ልጅ የሚያሳድጉበት፣ እሑድ ምሳ የሚበሉበት ቤት ነበር። የመጨረሻው ረጅም ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረሰ። ይህን የማነሳው ለጥንቃቄ ነው፤ በፊልም ዓይን ሰፈር ስናይ ሰዎቹን ወደ ጥላ እንዳንለውጣቸው።

እንግዲህ ወደ አንዱ ብሎክ እንግባ። መጀመሪያ የሚያገኙት ደረጃውን ነው። ስላሸር ፊልም የሚሠራ ሰው ቢመጣ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይፈልግም። ሲሚንቶው ኮቴን ያስተጋባል፤ መታጠፊያው ላይ ማን እንዳለ አይታይም፤ ግድግዳው ላይ ጀሪካን ተደግፏል፤ ከላይ ሮቶው ሲሞላ ይንጎራጎራል። በየበሩ ላይ ነዋሪው ራሱ ያሠራው ፍርግርግ የብረት በር ተደርቦበታል። አምፖሉስ? እሱ ነው ጥያቄው። የቤትዎ አምፖል ሲቃጠል በዚያው ምሽት ይቀየራል። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ግን ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ይቆያል። አንደኛ ፎቅ ያለው «እኔ አልቸገርም» ይላል፤ አራተኛ ፎቅ ያለችው በስልኳ ባትሪ ትወጣለች፤ ተከራዩ የባለቤቱ ሥራ ነው ይላል፤ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ይኖራል።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤቱን ባለቤት ከበሩ በስተጀርባ ያለው ክፍል ብቻ ሳይሆን የጋራው ክፍልም ባለድርሻ ያደርገዋል፤ ባለቤቶቹም በማኅበር ተደራጅተው እንዲያስተዳድሩት ይደነግጋል። ስለዚህ ያ የተቃጠለ አምፖል የማንም አይደለም ማለት ስህተት ነው፤ የሁሉም ነው። የደረጃው አምፖል የብሎኩን ጤና የሚነግር ቴርሞሜትር ይመስለኛል። የበራበት ደረጃ ላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ ተነጋግረዋል ማለት ነው።

እዚያው ልደታ የምትኖር አንዲት የሁለት ልጆች እናት ያጫወተችኝን ልንገርዎ። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር በሄደበት ሌሊት፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ትንሹ ልጇ ትንፋሽ አጠረው። መብራት ጠፍቷል፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። ልጁን ታቅፋ ወጥታ በጨለማ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች፤ ዝም። ሁለተኛውን አንኳኳች፤ ከውስጥ ሹክሹክታ ተሰማ፣ ኮቴ ወደ በሩ መጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ሦስተኛው በር ላይ «ማነው?» የሚል የአሮጊት ድምፅ ሰማች። «እኔ ነኝ እማማ» አለች። ቁልፉ ወዲያው ተንኳኳ። እማማ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ የልጅ ልጃቸውን ቀሰቀሱ፣ እሱም ታክሲ ጠርቶ አብሯት ሄደ። ልጁ ዛሬ ደኅና ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቷል። በማግስቱ የሁለተኛው በር ሰዎች ይቅርታ ጠየቋት። «ሌባ መስሎን ነው እኮ፤ ገና ሦስት ወራችን ስለሆነ ድምፅሽን አላወቅነውም» አሏት። እሷም አልተቀየመችም። እውነታቸውን ነው፤ አያውቋትም።

«እኔ ነኝ» የሚለውን መልስ እስቲ ያስቡት።  እኛ «ማነው?» ስንባል «እኔ ነኝ» እንላለን፤ ስማችንን አንጠራም። መልስ የሚሆነው ደግሞ የሚሰማን ሰው ድምፃችንን ካወቀ ብቻ ነው። «ስክሪም» የሚጀምረው ባልታወቀ ድምፅ በሚደወል ስልክ ነው፤ ፍርሃቱ ያለው ድምፁ የማን እንደሆነ ባለመታወቁ ላይ ነው። ልደታ የነበረችው እናት ልጇን ያተረፈችው በታወቀ ድምፅ ነው። እማማ ያወቋት እንዴት ነው ቢሉ፣ ዘይት ስትገዛ ለሳቸውም እየገዛች፣ ደረጃ ላይ ዕቃቸውን እየተቀበለች፣ እሑድ ቡና እየጠጣች ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ልደታ ግን የስላሸርን ወግ የሚገለብጥባቸው ቀኖች አሉት። መብራት ሲጠፋ በፊልሙ ሰው ለብቻው ይቀራል፤ እዚህ ደግሞ ሰው ወደ በረንዳ ይወጣል። «እናንተ ጋም ጠፋ?» የሚለው ጥያቄ ከብሎክ ወደ ብሎክ ይሻገራል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ሲጮኹ፣ ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ቤት ይመስላሉ።

የበዓል ዋዜማም እንደዚያው ነው። የፋሲካ ሰሞን በጉ ደረጃው ሥር ታስሮ ያድራል። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ቤተሰብ አራጁን ይጠብቃል። ሽርጡ በደም የተበከለ፣ ሁለት ቢላ የያዘ፣ ስሙን ማንም በቅጡ የማያውቀው ሰው ከፎቅ ወደ ፎቅ ይወጣል። ለጆን ካርፔንተር ብንነግረው ለፊልም የሚበቃ ትዕይንት ነው። ልደታ ላይ ግን የዚህ ሰው ችግር በሩ ስለሚዘጋበት አይደለም፤ «መጀመሪያ እኛ ጋ!» እያለ ሦስት ቤተሰብ ስለሚጎትተው ነው። የጋራ መኖሪያ ሳይቶች ሲነደፉ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ የታሰበው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነበር፤ ለዕርዱ፣ ለእንጀራ ጋገራው፣ ለድግስና ለለቅሶው። የንድፉ ሐሳብ ቀላል ነው፤ አፓርታማ ውስጥ የማይገባው ኑሮ ሰዎችን በአንድ ላይ ያገናኛቸው።

«ሃሎዊን» የሚሆንበት ሌሊት ልጆች ተሸፋፍነው በየቤቱ የሚያንኳኩበት፣ ከረሜላ የሚሰጣቸው ሌሊት ነው። እኛም አለን፤ ቡሄ። ነሐሴ 12 ማታ ልጆች ዱላቸውን እየወቀጡ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ወይም ብር ይቀበላሉ፣ መርቀው ይሄዳሉ። ኮንዶሚኒየም ላይ ጭፈራው ደረጃ ያስወጣቸዋል፤ ሲሚንቶው ድምፃቸውን ስለሚያገንነው ሦስት ልጆች የሠላሳ ያህል ይሰማሉ። ያን ምሽት በርዎን ከከፈቱ የፎቅዎን ልጆች ፊት ያያሉ። ካልከፈቱ እነሱም የእርስዎን ፊት አያውቁም፤ ስምዎም «በሩን የማይከፍተው» ይሆናል።

ለልደታ ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው በዓል ስሟን የሰጣት ነው። ግንቦት 1 የእመቤታችን ልደት ይከበራል። በትውፊቱ ኢያቄምና ሐና ማርያምን የወለዱት ከቤት ወጥተው በሊባኖስ ተራራ ነው። ስለዚህ በዓሉ ቤት ውስጥ አይከበርም፤ ጎረቤት ንፍሮውን፣ ዳቦውን፣ ቡናውን ይዞ ደጅ ይወጣል፣ አብሮ ይቀምሳል። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው እንግዲህ ሰው በሩን ከፍቶ ከሚወጣበት በዓል ነው። ሃዶንፊልድ እንዲህ ዓይነት አንድ ምሽት ቢኖራት ኖሮ፣ ሎሪ ያንኳኳችው በር ይከፈት ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሙያዬ የምታዘበው አንድ ነገር አለ። የዛሬ የቤት ማስታወቂያዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚሸጡልን ፍርሃትን ነው፦ ከፍ ያለ አጥር፣ የ24 ሰዓት ጥበቃ፣ የደኅንነት ካሜራ፣ «የራስዎ ዓለም»። ማናቸውንም አልንቅም፤ ማጅራት መቺ ያለበት ከተማ ውስጥ ጥበቃ ያስፈልጋል። ግን ካሜራ የሆነውን ይቀርጻል እንጂ በር አይከፍትም። ማስታወቂያ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ፣ ካሬ ሜትር የሌለው፣ ዋጋውም የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ ድምፅዎን የሚያውቅ ጎረቤት።

ለወላጆችም አንድ ቃል። «ሃሎዊን» አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ሲኒማ ገብቶ እንዳያየው በሚከለክል ደረጃ የተመደበ ፊልም ነው፤ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ዛሬ ግን ልጁ ስልክ ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ብቻውን ሊያየው ይችላል። እኛስ አስፈሪ ታሪክ ሳንሰማ አደግን? ጭራቁም፣ አያ ጅቦም ነበሩ። ልዩነቱ «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» እያልን የምንሰማው እናት ወይም አያት ጭን ላይ ሆነን መሆኑ ነው። ጅቡ ሲመጣ የምንይዘው ነጠላ ነበር። ፍርሃት አብሮ ሲሆን ጨዋታ ነው፤ ብቻ ሲሆን ቅዠት ይሆናል። ያደጉት ልጆችዎ እንዲህ ዓይነት ፊልም ካዩ አብረዋቸው ይዩ፤ በልጅቷ ሞኝነት አብረው ይሳቁ፤ የጎረቤቱ መብራት ሲጠፋ ደግሞ «እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው።

ልደታን ለማየት ከሄዱ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይምረጡ። ከባቡሩ ወርደው በሕንፃዎቹ መካከል በእግርዎ ይግቡ፤ ምድር ቤት ካሉት ካፌዎች ባንዱ ማኪያቶ ይዘዙና ቁጭ ይበሉ። ልጆች ኳስ ሲራገጡ፣ እናቶች ከበረንዳ ስም ሲጣሩ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ይሰማሉ። ጨለም ሲል በየብሎኩ የደረጃውን መብራት ይቁጠሩ፤ የትኛው በራ፣ የትኛው ጨለመ። ቤትዎ ሲመለሱም የራስዎን ደረጃ በዚያው ዓይን ይዩት። የተቃጠለ ካለ ነገ ጠዋት አንድ አምፖል ይግዙ፤ ሲቀይሩም ለብቻዎ አይቀይሩ፤ አጠገብዎ ያለውን በር አንኳኩና ወንበሩን የሚይዝልዎ ሰው ይጠይቁ። «ማነው?» ይባላሉ። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ስምዎን መናገር ይኖርብዎታል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን «እኔ ነኝ» ማለት ይበቃዎታል።